«እኔ ምን በላሁና?» ከውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ የምግብ ደብተር ስለ መያዝ

ኦፕራሲዮኑን ከተሠራሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ሚዛኑ ቆመ። ቆሞ ቢቀር ጥሩ ነበር። በአምስት ወር ውስጥ 4 ኪሎ መለሰብኝ። ሰው ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነበር፦ «እኔ ምን በላሁና?» ደግሞ እውነቴን ነበር። ምሳዬ ሩብ እንጀራ አይሞላም፣ እራቴ አንድ ጭልፋ ሾርባ ነው። ታዲያ ኪሎው ከየት መጣ?

መልሱን ያገኘሁት ደሴ ፒያሳ ከገዛኋት፣ ኪስ ከምትገባ ትንሽ ደብተር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ማክሰኞ እንዲህ ይላል፦

ጠዋት 2፡00፦ የተቀቀለ እንቁላል 1፣ ሻይ በ1 ማንኪያ ስኳር።
ቀን 6፡30፦ ምስር ወጥ 4 የሾርባ ማንኪያ፣ እንጀራ ከሩብ ያነሰ።
ከሰዓት 10፡00፦ ቡና ጎረቤት ቤት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በየስኒው 2 ማንኪያ ስኳር። ቆሎ፣ ስንት ጭብጥ?
ማታ 1፡30፦ የአትክልት ሾርባ፣ 1 ጭልፋ።

ያቺ «ስንት ጭብጥ?» የምትል ጥያቄ ናት ሁሉን ነገር የገለጠችልኝ። ቆሎ እኔ ጋ ምግብ አልነበረም። የቡና ቁርስ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ጎረቤት ስለ ልጆቹ ሲያወራ እጅ ዝም ብሎ ወደ ሰፌዱ የሚሄድበት ነገር ነው። በሚቀጥለው ቀን ቆጠርኩ። ሦስት ጭብጥ። አንድ ጭብጥ ቆሎ 30 ግራም ገደማ ይሆናል፣ ይሄ ከ100 ካሎሪ በላይ ነው፤ ኦቾሎኒ ከበዛበት ወደ 150 ይጠጋል። ስኳሩን ደግሞ ደምሩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ስድስት ማንኪያ ወደ 100 ይደርሳል። ለእኔ በቀን የተፈቀደልኝ 1,200 ካሎሪ አካባቢ ነበር። ከዚያ ላይ ሲሶው በየቀኑ ቡና ላይ ያልቅ ነበር፣ እኔ ግን «አልበላሁም» እላለሁ።

ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር አድርጋችሁ ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደየቤታችሁ ለተመለሳችሁ ነው። አብሯችሁ ለሚበላ ቤተሰብም ይጠቅማል። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪማችሁ የሰጣችሁ መመሪያ እኔ ከምለው ይቀድማል።

በቅድሚያ ኪሎው ለምን እንደሚመለስ እንረዳ። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የሚባለው ቀዶ ሕክምና ነው። ከጨጓራ 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ነው። ሌላው ባይፓስ ነው። በዚህኛው ከጨጓራ አናት ላይ እንቁላል የምታህል ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች፣ ምግብም የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ቦታ መጥበቡ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ለአንጎል «ራበኝ» የሚል መልእክት የሚልከው ግሬሊን የሚባል ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በስሊቭ ጊዜ ተቆርጦ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል ነው። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙዎቻችን ረሃብ የሚባለውን ነገር የምንረሳው።

ያ ጊዜ ግን ያልፋል። ኪሎው በአብዛኛው እስከ 12 ወይም 18 ወር ይወርዳል፣ ከዚያ ይረጋል፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ መመለሱም የተለመደ ነው። ረሃቡ ቀስ እያለ ይመጣል። ጨጓራውም ትንሽ ይለጠጣል። ሰውነት ሲቀል ደግሞ የሚያቃጥለው ኃይል አብሮ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ድሮ ምንም የማያደርገን መጠን አሁን ይተርፋል።

ከሁሉም በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው ይሄ ነው፦ ትንሽ ጨጓራ የሚያቆመው ጠጣርና ወፍራም ምግብን ነው። ሁለት ጉርሻ ጥብስ በደንብ አኝካችሁ ብትውጡ «በቃኝ» ይላችኋል። በስኳር የተመታ አንድ ብርጭቆ የአቮካዶ ጁስ ግን ምንም ሳይላችሁ ይወርዳል። ብስኩት፣ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ማር፣ ለስላሳ፣ እነዚህ ሁሉ ወይ ፈሳሽ ናቸው ወይ አፍ ውስጥ ደቀው ሸርተት ይላሉ። ትንሽ ትንሽ እያሉ ቀኑን ሙሉ መቀማመስ ደግሞ ጨጓራው ጭራሽ እንዳይሞላ ያደርጋል። ቀዶ ሕክምናው ይህን አይከለክልም፣ ምሳና እራትም ላይ አይታይም። የሚታየው ደብተር ላይ ብቻ ነው።

«እኔ የበላሁትን አስታውሳለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እል ነበር። በ1992 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ አንድ ጥናት ትንሽ እንበላለን፣ ግን መቀነስ አቃተን የሚሉ ሰዎችን መረመረ። የሚበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው ነበር የተናገሩት። ግማሽ ያህሉን ማለት ነው! ውሸታሞች ነበሩ ለማለት አይደለም፣ ሰው መሆን ነው። እነዚያ ሰዎች እየመዘገቡም ነበር፣ ስለዚህ መዝገብም ቢሆን ሊያሳንስ ይችላል። በሌላ በኩል በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ከ1,600 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት በየቀኑ የበሉትን የጻፉት ምንም ካልጻፉት እጥፍ ያህል ኪሎ መቀነሳቸውን አሳይቷል። እነሱ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አልነበሩም፣ በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ይቀንሱ የነበሩ ናቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው የገባኝ ነገር መጻፉ እንደሚጠቅም፣ ግን አጻጻፉ ወሳኝ እንደሆነ ነው።

ማታ ተኝታችሁ «ዛሬ ምን በላሁ?» ብላችሁ አትጻፉ። እንደዚያ ከሆነ የምትጽፉት ምሳና እራትን ብቻ ነው። ከመብላታችሁ በፊት ጻፉ፣ ካልተቻለ እጃችሁን ታጥባችሁ እንደተነሳችሁ። ለመጻፍ የማይመች ቦታ ከሆነ ሳህኑን በስልክ ፎቶ አንሱትና በኋላ ገልብጡት። በስልክ የሚሠሩ የካሎሪ መቁጠሪያዎችን ሞክሬያለሁ፣ ለታሸገ ነገር ጥሩ ናቸው፣ ነገር ግን የእናቴን ሽሮ አያውቁትም። የሽሮ ካሎሪ እንደ ሠሪው እጅ ነው።

መለኪያ ላይ ጊዜ ስጡ፣ አንድ ቀን ብቻ ይበቃል። እኔ የቤቴን ጭልፋ ውሃ ሞልቼ በሾርባ ማንኪያ ቆጠርኩት። 6 ማንኪያ ያዘ፣ 90 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «1 ጭልፋ» ብዬ ስጽፍ ምን እንደጻፍኩ አውቃለሁ። ስኒውን፣ ብርጭቆውን፣ የምትወዷትን ጎድጓዳ ሳህን እንዲሁ ለኩ። እንጀራ ላይ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ ብላችሁ ጻፉ። የማን እንጀራ እንደሆነም ጻፉ፤ ኮምቦልቻ እናቴ ቤት የሚጋገረው የማሽላ እንጀራ እኔ ደሴ ከምገዛው የጤፍ እንጀራ በጣም ይወፍራል፣ ስለዚህ የእሷ ሩብና የእኔ ሩብ አንድ አይደሉም።

ዘይቱን ደግሞ አትርሱት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ቅቤም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አንድ እሑድ እናቴ ለአምስት ሰው ሽሮ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ ዘይቱን ሳትጨምር በፊት በማንኪያ አስለካኋት። «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?» አለችኝ፣ ግን ለካችልኝ። 10 የሾርባ ማንኪያ። ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 2 ማንኪያ፣ ከሽሮው በፊት 240 ካሎሪ። እሷም ደነገጠች። አሁን በ4 ማንኪያ ትሠራዋለች። ቁሌቱን ረዘም አድርጋ ስለምታበስለው ጣዕሙ አልጎደለም።

እሑድ የምለው የሐረጎን ተራራ ወርጄ ኮምቦልቻ እናቴ ጋ የምሄድበትን ቀን ነው። ደብተሬ ላይ አራት እሑድ ጎን ለጎን ስደረድራቸው ደንግጫለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የያዝኩት ሁሉ እሑድ ይፈርሳል። ደሴ ብርዱ ሻይ ያስጠጣል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ሙቀቱ ለስላሳ ያስከፍታል። ከዚያ ትሪው ይመጣል። ወሎ ውስጥ ለብቻ ሳህን ይዞ መብላት ነውር ባይባልም ቅር ያሰኛል፣ በተለይ እናትን። «ልጄ ከስታብኝ፣ በሞቴ አንዲት ብቻ!» ስትል ማን እምቢ ይላል? እኔ ያደረግኩት ይሄ ነው። ትሪው ሲቀርብ ከፊት ለፊቴ የድርሻዬን እንጀራ ቆርጬ እለየዋለሁ፣ ወጡን በማንኪያ እዚያው ላይ አወጣለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እጄ አይሻገርም። አብሬ በልቻለሁ፣ መጠኔንም አውቄያለሁ። ጉርሻ በመጣ ቁጥር ደብተሬ ላይ አንድ ጭረት አደርጋለሁ። የእናቴ አንድ ጉርሻ የእኔን ሦስት ያህላል፣ ስለዚህ ለእሷ ጭረቱ ረጅም ነው። እናቴ ጭረቱን ካየች በኋላ በእሑድ አንድ ጉርሻ ላይ ተስማምተናል።

አሁን ወደ ፕሮቲን። ይሄ ቦታ ላይ ብዙዎቻችን እንቸገራለን። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በአብዛኛው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። ከኪሎው ጋር ጡንቻ እንዳይቀንስ፣ ፀጉር መርገፉ እንዳይብስ፣ ጥጋቡም እንዲቆይ። ደብተር ላይ አንድ ዓምድ ለፕሮቲን ብቻ ስጡ። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም፣ አጥንት የሌለው 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋ 30 ግራም ገደማ አለው። ሽሮ ብዙዎቻችን ከምናስበው ያነሰ ነው። ዱቄቱ ጥሩ ፕሮቲን አለው፣ ግን ወጥ ሲሆን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ያለበት ወጥ በግምት 4 ግራም ቢሰጣችሁ ነው። ስለዚህ ስትበሉ በፕሮቲኑ ጀምሩ፣ እንጀራው ቦታ ከተረፈ ይከተላል። ትንሿ ጨጓራ በእንጀራ ከሞላች ለእንቁላሉ ቦታ የለም።

ጾም ሲመጣ ሒሳቡ ይከብዳል። በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ደብተሬን ስደምር በቀን 28 ግራም ነበር ያገኘሁት። ሽሮ፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሰላጣ። ሆዴ ሞልቷል፣ ፕሮቲን ግን የለም። ከዚያ ምስሩን ወፈር አድርጌ፣ የተቀቀለ ሽምብራና ባቄላ በመክሰስ ሰዓት ጨምሬ፣ ሐኪሜን ጠይቄ ከእህል የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት አስገብቼ ወደ 50ዎቹ ደረስኩ። ለሙስሊም ወንድምና እህቶቼ ደግሞ ረመዳን ከፕሮቲኑ በላይ የውሃ ጉዳይ ነው። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ባለው ሰዓት ውስጥ፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ፣ ከምግብ ጋር ሳይቀላቀል መግባት አለበት። ቀላል አይደለም። በተለይ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ያላችሁ መጾም ትችሉ እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ስትሄዱም የሦስት ቀን መዝገብ ይዛችሁ ሂዱ።

ውሃን በተመለከተ፦ ምግብ ላይ አትጠጡ፣ ከበላችሁ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ምሳ 20 ደቂቃ ካልፈጀባችሁ እየፈጠናችሁ ነው። እኔ የጀመርኩበትንና የጨረስኩበትን ሰዓት መጻፍ ስጀምር ነው በ7 ደቂቃ እንደምጨርስ ያወቅኩት። ደረቴ ላይ የሚቆመው ምግብ፣ የሚያስመልሰኝ ነገር፣ መነሻው ያ ነበር።

ስለዚህ የበላችሁትን ብቻ ሳይሆን የሆናችሁትንም ጻፉ። አንድ ሠርግ ላይ አንድ ብርጭቆ ብርዝ ጠጣሁ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ላብ አሰመጠኝ፣ ልቤ እንደ ከበሮ መታ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ራሴ ዞረ። ሰዎች ሙቀት ነው አሉ። እኔም አመንኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያው ነገር ከማንጎ ጁስ በኋላ ሲመጣ ደብተሬን ገለጥኩና ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አየኋቸው። ይሄ ዳምፒንግ የሚባለው ነው። ጣፋጭ ነገር ሳይዘገይ ወደ አንጀት ሲወርድ አንጀት ውሃ ይስባል፣ ሰውነትም ይረበሻል። ባይፓስ ያደረጉ ላይ ይበዛል፣ ስሊቭ ያደረግነውንም ያገኘናል። ሌላም ዓይነት አለ፤ ከበላችሁ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በኋላ የሚመጣ። ስኳሩ በፍጥነት ሲገባ ኢንሱሊን ይበዛና የደም ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያዝላል፣ ይርባል። ሰው ያን ጊዜ እንደገና ጣፋጭ ይበላና ዙሩ ይቀጥላል። ሰዓት ካልተጻፈ ይሄኛውን ከምግቡ ጋር ማገናኘት በጣም ከባድ ነው።

ሌላ አንድ ቃል ደግሞ እጨምራለሁ፦ ለምን እንደበላሁ። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ተናደድኩ»፣ «ከልቅሶ መጣሁ»፣ «ሰው ጋበዘኝ»። አንድ ቃል ይበቃል። በሁለት ወር ውስጥ «ራበኝ» የሚለው ከግማሽ በታች ነበር። ቀዶ ሕክምናው ጨጓራዬን ቆረጠ፣ ስናደድ ወደ ጓዳ የምሄደው እኔ ግን ያው ነኝ። ይሄን ሳነብ አልቅሻለሁ። ግን ሳውቀው ቀለለኝ፣ ምክንያቱም ንዴት በዳቦ እንደማይበርድ ራሴ ጽፌ ራሴ አነበብኩት። ይሄ ነገር የሚከብዳችሁ፣ መጻፉ ራሱ ጭንቀት የሚሆንባችሁ፣ የጻፋችሁትን አይታችሁ ምግብ እስከ መተው የምትደርሱ ካላችሁ ግን ደብተሩን አስቀምጡትና ባለሙያ አናግሩ። አብሽሩ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።

በየቀኑ መመዘን አያስፈልግም። እኔ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ቁርስ ሳልበላ። ቀን ከዘለላችሁ የተዘለለውን በግምት አትሙሉ፣ ባዶውን ትታችሁ ከዛሬ ቀጥሉ። ባዶ ገጽም ይናገራል፤ የእኔ ባዶ ገጾች ሁሉ የበዓል ሰሞን ናቸው።

ገጹ ጥግ ላይ የቫይታሚን ምልክት አድርጉ። ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን ሁሉ። እነዚህ የዕድሜ ልክ ናቸው፣ «ደህና ነኝ» ብሎ ማቆም የለም። ብረትና ካልሲየም አንድ ላይ አይወሰዱም፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። ብረቱን በሻይ ወይም በቡና መዋጥ ደግሞ ጥቅሙን ይቀንሰዋል። የእኔ ደም ማነስ የመጣው ከዚህ ነው። ብረቱን በየቀኑ እውጥ ነበር፣ በጠዋት ሻይ። ሐኪሙ ደብተሩን ሲያይ በሁለት ደቂቃ ነገረኝ።

እኔ የተሠራሁት አዲስ አበባ ነው። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄጄ ሐኪሜን የማገኘው ለሃያ ደቂቃ ነው። በዚያ ሃያ ደቂቃ «እንዴት ነሽ? ምን ትበያለሽ?» ሲባል ድሮ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው የምበላው» እል ነበር። አሁን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ገጽ አስቀድሜ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልካለሁ። ስደርስ ጥያቄው የተዘጋጀ ነው።

አንዳንድ ነገር ግን ተጽፎ ቀጠሮ አይጠበቅበትም። ውሃ እንኳ የማይቆይላችሁ ማስመለስ፣ የማያቋርጥ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ጥቁር ሰገራ፣ እግር መደንዘዝ፣ ሚዛን መሳት፣ ግራ መጋባት ካለ በዚያው ሰዓት አቅራቢያችሁ ያለ ሆስፒታል ሂዱ። ስትደርሱም «የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አለኝ» በሉ። ብዙ ቀን ያስመለሰው ሰው ቫይታሚን ቢ1 ሊያልቅበት ይችላል፣ ነርቭንና አንጎልን ይጎዳል፣ ስለዚህ ግሉኮስ ብቻ ተሰጥቷችሁ እንዳትመለሱ ይህን መናገራችሁ በጣም ያስፈልጋል።

ከ4 ኪሎው 3ቱ ወርዷል፣ ሰባት ወር ፈጀ። ቡናውን አልተውኩም። ጎረቤቴ አሁን ሰፌዱን ወደ እኔ አታስጠጋውም። ከማቅረቧ በፊት በአንድ ስኒ ቆሎ ትለይልኛለች፣ «ያንቺ ይቺ ናት፣ ጻፊያት» ትለኛለች። እጽፋታለሁ። ትናንት ከሰዓት 10፡20፦ ቡና፣ ሦስቱም፣ ያለ ስኳር። ቆሎ 1 ስኒ።